ልጅቷ የለካችው ወንበር

ሽማግሌው አናጢ ጣውላ ሊገዙ እንጨት መሸጫው ቢገቡ፣ ፈጽሞ ሊያዩዋት የማይፈልጉት ሰው ጥግ ላይ ቁርጥራጭ ትለቅማለች፤ የልጅ ልጃቸውን ሦስተኛ ክፍል የምታስተምረው መምህርት።

አናጢው ቂም ይዘዋል። ልጅቷ ለቤተሰቧ የሚሆን ወንበር ነድፋ በካርቶን እንድትሠራ ብትታዘዝ፣ እሳቸው እንከን የማይወጣለት የእንጨት ወንበር ሠርተው ላኩ። መምህርቷ መለሰችው።

“እንደምን አደሩ፣ አባባ?”

“ይመስገን። ልጠይቅሽ እስኪ ልጄ፤ የአርባ ዓመት እጄ ለሦስተኛ ክፍል አነሰ?”

“በዛ እንጂ መች አነሰ! ሥራው ግን የእሷ ነበር።”

“እኔ ልጅቷን ለትምህርት ነው የላክኋት። እንጨትማ እቤቷ ሞልቷል! ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ቁርጥ ነው።”

እውነቱን ለመናገር አናጢው ክፉ ሰው አይደሉም። ሙያውን የተማሩት ሁለት ዓመት ወለል ጠርገው ነው፤ ያኔ “ለምን?” ብሎ ለጠየቀ ተለማማጅ መልሱ ኩርኩም ነበር።

መምህርቷ ከቦርሳዋ አንድ ትንሽ የካርቶን ወንበር አወጣች። “የእሷ ነው። በእንጨት ልትሠራው ስለሆነ ለልኩ ይዤው መጣሁ።”

ሙጫው ተዝረክርኳል፤ አንድ እግሩም ሸፈፍ ብሏል። አናጢው ሳቃቸው አመለጣቸው። “ይኼ ድመትም አይሸከም!” እግሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ልክ ሲያነቡ ግን ቆጣ አሉ። “ይኸውልሽ፣ ተሳስታለች። ከእኔ ወንበር በአራት ጣት ይበልጣል።”

“እኔም ጠየቅኋት። ‘አያቴ ከወንበሯ ስትነሳ ጠረጴዛውን እየያዘች ታቃስታለች፤ እግሯን በገመድ ለካሁት’ አለችኝ። የእርስዎ ለምን አጠረ ብላት፣ ‘እሱማ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው የሚሠራው’ አለች።”

አናጢው ሚስታቸው ባቃሰቱ ቁጥር “እርጅና ነው፣ ቻይው” ይሏቸው ነበር። የሚያስቃስታቸውንም ወንበር የሠሩት ራሳቸው ናቸው። በጣም አፈሩ።

“አናጢ እናድርጋቸው ብለን እኮ አይደለም፣ አባባ” አለች መምህርቷ ለስለስ ብላ። “ሰው ምን እንደቸገረው አይተው፣ ለክተው እንዲሠሩ ነው። ይኼ ሁለቴ ፈርሶባት ሦስተኛዋ ነው፤ አሁን ሲበላሽባት አታለቅስም፣ ምክንያቱን ትፈልጋለች። ሒሳቡም ልኬቱም እዚያው ውስጥ አለ። ታዲያ ሰኞ ልጠብቃት?”

“ጠብቂያት” አሉ አናጢው። “ጣውላውን ግን ከእኔ ውሰጂ።”

በሳምንቱ ወንበሩ ቤት ገባ። ሴት አያቷ ተቀመጡበት፤ ከዚያም ጠረጴዛውን ሳይነኩ ብድግ አሉና ራሳቸው ደነገጡ።

“ውይ! ዛሬስ ምን ዓይነት ወንበር ሠራህልኝ?”

“እሷን ጠይቂያት” አሉ አናጢው ወደ ልጅቷ እያመለከቱ። “እኔ መጋዝ ያዥ ነበርኩ።”