ሶኬት የነቀለችው ሴት

«ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ፣ እማማ ባየሽ? ... አይ፣ ይኼ ዝናቡ ነው። ሲያትል ውስጥ ሰው ጉልበት እንዳለው ትዝ የሚለው በኅዳር ነው መሰለኝ። በአውቶቡስ መጡ ወይስ ልጅዎ አደረሰችዎ? ... ኦኬ፣ ዋናው በሰላም መግባትዎ ነው። እንኩ፣ ይኼን ጎመን ይያዙልኝ፤ እየቀነጠስን እንጫወት።»

ጠያቂዋ እትዬ ውብአየሁ ናቸው፤ እማማ ባየሽ ግን አልሰሙም። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ግራ ጆሯቸው እንደማይሰማ የሌክ ሲቲ እድር አባል ሁሉ ያውቃል። እትዬ ውብአየሁም ያውቃሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእድሩን ወጥ ቤት ሲመሩ የእማማ ባየሽን ጆሮ ካላወቁ ምኑን አወቁት? ታዲያ ዛሬ ወንበራቸውን ስበው የተቀመጡት በግራ በኩል ነው። በግራ የተቀመጠ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ ግድ ይለዋል። ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችው የዕቃ ክፍል ደግሞ ግድግዳዋ ስስ ነው።

በዕቃ ክፍሏ ውስጥ ይርጉ አለ። የተገለበጠ ፕላስቲክ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የአዳራሹን ስዊች እንደገና ያዋቅራል። ስዊች የሚባለው የኢንተርኔት ገመዶች ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን ነው። ይኼኛው ግን ሰክተው የሚሄዱት ዓይነት አይደለም፤ የቱ ገመድ ከየቱ ጋር እንደሚነጋገር አንድ በአንድ ሊነገረው ይገባል። የቢሮው መስመር ለብቻ፣ የጥበቃ ካሜራው ለብቻ፣ የእንግዳው ዋይፋይ ለብቻ፣ ታኮማ ያሉት አባላት በዙም የሚሰበሰቡበት ለብቻ። ይርጉ መጋዘን ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ስለሆነ፣ በመስከረም ይኼን ሁሉ በነፃ ሠርቶላቸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እድርተኛው «ኢንጂነር» ይለዋል። እሱም ስሙን ወዶታል፤ ባይወደው ነበር የሚገርመው።

ነገሩ የተበላሸው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ነው። እትዬ ውብአየሁ ጠዋት ትልቁን የሻይ ማፍያ ለመሰካት የስዊቹን ሶኬት ነቀሉ። ሻዩ ሲፈላ መልሰው ሰኩት። የሳጥኑ መብራቶች በሩ፣ ስብሰባው ግን ታኮማ ሳይደርስ ቀረ፤ ምርጫውም ተሰረዘ። ይርጉ ሲጠየቅ ሳጥኑን ገና በቅጡ ሳያየው «ሶኬቱ ተነቅሎ እኮ ነው» አለ። ውሸት አልነበረም። በማግስቱ ግን ሥራ ቦታው ተቀምጦ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ በመስከረም ያን ሁሉ ካዋቀረ በኋላ ሴቭ አላደረገውም። ሴቭ የተደረገ ስዊች መቶ ጊዜ ቢነቀል የተነገረውን አይረሳም። ያልተደረገ ግን አንዴ መብራት ሲቋረጥበት ከካርቶኑ እንደወጣ ይሆናል።

ይርጉ ይህን አወቀና ዝም አለ። ዝም ባለ በሳምንቱ ኮሚቴው የወጥ ቤቱን ቁልፍ ከእትዬ ውብአየሁ ተቀበለ፤ አሁን ወጥ ቤት የሚገቡት ሌላ ሰው ሲከፍትላቸው ነው። ዛሬ ስብሰባው ይደገማል። ሰብሳቢው ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያነባሉ፤ «በወጥ ቤት በኩል በደረሰ ጥፋት» የሚለው ቃል ከጸደቀ፣ እትዬ ውብአየሁ በእድሩ መዝገብ አጥፊ ሆነው ይቀራሉ ማለት ነው። ስብሰባው በሰባት ሰዓት ነው። አሁን ስድስት ሰዓት አልፏል።

«እኔ ምልዎት እማማ ባየሽ» አሉ እትዬ ውብአየሁ፣ ጎመኑን እየቀነጠሱ፣ «የተማረ ሰው ግን ደስ አይልም? ... እኔማ ሁልጊዜ የምለው ነው፤ እድራችን የታደለ ነው። ሌላው ማኅበር ሰው ቸግሮት ገመዱን በወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ ሽማግሌ እየተጠለፈበት ይሰበሰባል። እኛ ግን ባለሙያ አለን። ያን ሳጥን ሲያስገባ እዚሁ ቆሜ አየሁት እኮ። ጣቱ እንዴት ይሮጣል መሰለዎት! እንዲህ የሚሮጥ ሰው የረሳው ነገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ... ማንም።»

ከግድግዳው ወዲያ የይርጉ ጣት ቆመ። ስለ እሱ እንደሆነ ለማወቅ ስሙ መጠራት አላስፈለገውም።

«ደግሞ እኮ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱን አልክድም። ለምን ቢሉኝ፣ ሳጥኑን ያስገባ ቀን ምሳ ያቀረብኩት እኔ ነኛ። ሰውየው ሥራው መሀል ላይ ነው፣ እኔ ዶሮዬን ይዤ ከች አልኩ። ጋሽ ተክለ ጻድቅ ደግሞ ብድግ ብለው ምርቃት ጀመሩ። እሳቸው ቆመው ሲመርቁ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር የሚነካካ ማን ነው? ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነሣ። ላፕቶፑን በክርኑ ዘጋት። አሜን ከተባለ በኋላ እጁ ወጥ ነካ፤ ወጥ የነካ እጅ ደግሞ ኮምፒውተር አይነካም። በእነዚህ እጆቼ ሦስቴ አጎረስኩት። አንዱን እንኳ መለሰ? አልመለሰም። ጠግቦ፣ አመስግኖ፣ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ሶ... ሥራው መሀል ላይ የቀረው በማን ነው? በዶሮዬ ነዋ። ያየ ሰው ግን ይኖር ይሆን?»

ይርጉ ማንም አላየኝም ብሎ ነበር። የዚያ ቀን ምሳ ጣዕሙ ሳይቀር ትዝ አለው፤ ሦስተኛው ጉርሻ እንቁላል ነበረበት። ግንባሩን ጠረገና ወደ ሥራው ሊመለስ ሞከረ። ሐሳቡ ግን ወጥ ቤት ነበርና፣ የራሱ ላፕቶፕ የተሰካበትን ገመድ በስህተት ወደ ካሜራው መስመር አዞረው። በዚያው ቅጽበት ስዊቹ ዘጋበት። በገዛ እጁ በሩን ከውጭ ቆልፎ ደጅ ቀረ።

«የእህቴን ልጅ ሳሌምን ያውቋታል አይደል? ትምህርቷን ጨርሳ አሁን ሥራዋ ልክ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ናቸው። ሐሙስ ኮል አደረገችልኝና አፌ አላርፍ ብሎ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? "አክስቴ፣ ሶኬት ቢነቀል ምን ይሆናል? ሴቭ ካደረገው ተመልሶ ይመጣል እኮ" አትለኝም? እኔ ደግሞ ተቆጣኋት። "ዝም በይ፣ አንቺ ከእኛ ባለሙያ ልትበልጪ ነው?" አልኳት። "አክስቴ፣ አይ አም ጀስት ሴይንግ" ብላ ዘጋችው። ልጅ ናት፤ የእኛን ሰው የት ታውቀዋለች? እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እኮ እሱ ራሱ ተነሥቶ አይናገርም ነበር? ቁልፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳስረክብ እኮ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ ጫማውን እያየ ... እኔማ አዝኖልኝ ነው አልኩ። ሆደ ባሻ ነው።»

እማማ ባየሽ ጎመኑን ቀንጥሰው ቀንጥሰው አንድ እፍኝ ወደ ሳህኑ ጨመሩ። እትዬ ውብአየሁ ድምፃቸው ትንሽ ደከም ብሎ ነበር፤ ቁልፉ አሟቸዋል። ቁልፍ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሲሞት በየትኛውም ሰዓት ተነሥተው የሚከፍቱት በር ነበር። ከዚያ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ።

የተቆለፈበትን ስዊች ሶኬቱን ነቅሎ መሰካትም እንደ አዲስ ያስጀምረው ነበር፤ ያን ግን ይርጉ አልደፈረም። ሌላው መንገድ ከፊቱ ያለችውን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ በቀጭን ነገር መጫን ነው። ይርጉ ኪሱን ፈተሸ፤ የመኪና ቁልፍ፣ ስልክ፣ ማስቲካ። መደርደሪያውን ፈተሸ፤ የሽንት ቤት ወረቀትና የገና ጌጥ። ቀጭን ነገር ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር። እስኪጨርሱ ልጠብቅ ብሎ አሰበ፤ እንደማይጨርሱ ግን ገባው። በመጨረሻ ተነሥቶ የወጥ ቤቱን በር ገፋ አደረገ።

እትዬ ውብአየሁ ቀና ብለው አላዩትም። በመስከረምም ለዚያች ቀዳዳ የጠየቃቸው እሱኑ ነበርና፣ አፉን ሳይከፍት የስቴኪኒውን ብልቃጥ ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ፊታቸውን ከእማማ ባየሽ ሳያዞሩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉለት።

«ወጥ ቤት ማለት እኮ እንዲህ ነው፣ እማማ። ሰው ሲቸግረው የሚመጣው ወደ ወጥ ቤት፣ ሲበላሽበት የሚያላክከው በወጥ ቤት። እኛ ምን ጎደለብን? ሁሉንም እንችለዋለን።»

ይርጉ አንድ ስቴኪኒ መዘዘ። «እትዬ...» ሊል አሰበና ተወው። ሴትዮዋ ጎመን ይቀነጥሳሉ፤ እሱን ማን አናገረው? ተመልሶ ገባ።

ቀዳዳዋን ተጭኖ ከመጀመሪያው ጀመረ። ቢሮው፣ ካሜራው፣ እንግዳው፣ ታኮማ። በእያንዳንዱ ገመድ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ አየ። ሲጨርስ ሴቭ አደረገ። ልቡ አላምን ብሎት ደግሞ ሴቭ አደረገ።

«ሳሌም ሌላም ነገር ብላኛለች፤ እኔ እንኳ አላመንኳትም። ጎበዝ ሠራተኛ ሥራውን ሲጨርስ ሶኬቱን ራሱ ነቅሎ ያየዋል አለችኝ። ተመልሶ ሲመጣ ካየ በኋላ ነው ወደ ምሳው የሚሄደው። ይኼ ይታመናል? ሶኬት መንቀል እንዲህ ቀላል ነገር ቢሆን፣ "ያለ ፈቃድ ሶኬት መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው" ተብሎ በቀይ ቀለም ይለጠፋል? አይተውታል ግን ያን ወረቀት? እንዴት ያምራል፤ ዝናብ እንኳ እንዳይነካው በላስቲክ ተለብዷል። የኔ ስም ብቻ ነው የቀረው። ያንንም ለኔ አስቦ ነው የተወው። እግዜር ይስጠው።»

ወረቀቱ ከይርጉ ራስ በላይ ነበር። ያተመው ራሱ ነው፣ በሥራ ቦታው ማተሚያ። አሁን ፊደሎቹ መጠናቸው ከሚገባው በላይ ሆኖ ታየው። እጁን ሰደደና ሶኬቱን ነቀለ።

የሳጥኑ መብራቶች ጠፉ። እስከ ዐሥር ቆጥሮ መልሶ ሰካው። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ከዚያ መብራቶቹ በየተራ እየበሩ መጡ፤ ቢሮው መጣ፣ ካሜራው መጣ፣ ከአዳራሹም የታኮማዎቹ «ሃሎ፣ ይሰማል?» የሚል ድምፅ መጣ። ምንም አልተረሳም። ሶኬት መነቀሉ ምንም ነገር እንደማያበላሽ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ ማስረጃውን ያቀረበው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ይርጉ አፈረ። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው፣ ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ።

እናገራለሁ ብሎ ተነሣ። እውነት ለመናገር ከልቡ ነበር። ስብሰባው ፊት ቆሜ፣ ሴቭ ያላደረግሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ ውብአየሁ ምንም አላጠፉም እላለሁ አለ። አዳራሹ ግን ሞልቶ ነበር። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን ወልውለው ቃለ ጉባኤውን ዘርግተዋል። ሁለቱ ሴቶችም ጎመናቸውን ጥደው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይርጉ ማይኩን ለማስተካከል ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርስ ሰባ ጥንድ ዐይን አየው፤ አንዱ ከኋላ «ኢንጂነር፣ ይኑሩልን» አለው። በዚህ ጊዜ ወኔው ከዳው። መጀመሪያ ይነበብ፣ አስተያየት ሲጠየቅ እናገራለሁ ብሎ ለራሱ ቀጠሮ ሰጠ። ማይኩን ከፈተና እዚያው ቆመ።

እትዬ ውብአየሁ ይህን ሁሉ በዐይናቸው ጫፍ አዩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እማማ ባየሽ ዘንበል አሉ። አዳራሹ ለንባቡ ጸጥ ብሎ ነበርና እያንዳንዱ ቃል ተሰማ።

«እንግዲህ እማማ ባየሽ፣ ሰው አማችሁ እንዳንባል በምርቃት እንጨርሰው። ለዚያ ለባለሙያው ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ጣቱን ይባርክለት። ልጆቹን ያሳድግለት፣ ቤቱን ሙሉ ያድርግለት። የተከበረ ስሙ እንደተከበረ ይኑር ... በሄደበት ሁሉ ደግሞ፣ እሱ ዝም ሲል ጥፋቱን የምትሸከምለት ሴት አያሳጣው።»

ይርጉ በታላላቆች ምርቃት ያደገ ሰው ነው። ሲመረቅ የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ለዚያ ቃል አፉ ጭንቅላቱን ጠይቆ አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እሱ ብቻውን፣ በተከፈተው ማይክ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «አሜን» አለ።