ረጥባለች

(ቅዳሜ ረፋድ፣ በጣና ሐይቅ ካለች አንዲት ትንሽ ደሴት፤ ምራቱ ምጥ የያዛት አያ አንለይ ታንኳ ፍለጋ ዞሮ ዞሮ እንኳዬ ደጅ ቆሟል፤ አሮጊቷ ግን ዓይኗን ከሐይቁ ላይ አትነቅልም።)

አንለይ፦ ታንኳሽን አውሺኝ ነው የምልሽ፤ ሌላ ምን ልበልሽ? ምራቴ ከማለዳ ጀምሮ ታምጣለች። ማዶ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች አትተርፍም።

እንኳዬ፦ ሰማሁ። ታንኳዋ ግን ረጥባለች።

አንለይ፦ ትናንት ሳትወጣ ነው የዋለችው፤ በምን ረጠበች?

እንኳዬ፦ ከደንገል ሣር የታሰረች አይደለች? ውኃ መጠጣት ነው ሥራዋ። ጓሮ አቁሜ ፀሐይ እያስመታኋት ነው።

አንለይ፦ ሰዉ ሁሉ ገበያ ተሻግሯል። የእኔንም ልጄ ይዟት ሄዷል። የሞተር ጀልባው ማክሰኞ ነው የሚመጣው። የቀረችው ያንቺ ብቻ ናት።

እንኳዬ፦ ይህንን ለማወቅ ነው ደሴቲቱን ሁለት ጊዜ የዞርካት? በደጄ ስታልፍ አይቼሃለሁ። ፊትህን አዙረህ በፓፓያው ሥር ሹልክ አልክ።

አንለይ፦ አፍሬ ነዋ።

እንኳዬ፦ በምን?

አንለይ፦ በዚያ... በዱሮው ነገር።

እንኳዬ፦ የምን ዱሮ? የልጅ ልጄ ትርፌ እኮ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ነፋስ ተነሣ እንዴ? ያ ዳር ያለው ደንገል ይወዛወዛል ወይስ ዓይኔ ነው?

አንለይ፦ ነፋስ የለም። እባክሽ ወደ እኔ ተመልከቺ። ወላድ ያሻገረ ሰው ነው ለሕፃኑ ስም የሚያወጣው፤ የእኛን ደንብ ታውቂያለሽ። ስሙን አንቺ አውጪው።

እንኳዬ፦ የእኔን ልጅ ያሻገራት ስላልነበረ፣ ለትርፌ ስም ያወጣሁት እኔው ነኝ። እናቷ እዚሁ መደብ ላይ ደሟ ፈስሶ ስታልቅ፣ የተረፈችኝን ትርፌ አልኳት። ያን ቀን ደጅህ ቆሜ ታንኳህን ስለምንህ ምን ነበር ያልከኝ?

አንለይ፦ ረጥባለች አልኩሽ።

እንኳዬ፦ እዚህ ደሴት አልሰጥም የሚል የለም፤ ረጥባለች ነው የሚለው። ወንፊት ብትለምን እንኳ ረጥቧል ይሉሃል።

አንለይ፦ የእኔ እኮ የእውነት ረጥባ...

እንኳዬ፦ ተው። ከግቢህ ስወጣ በመዳፌ ዳሰስኳት። እንደ ጭድ ደርቃለች። ጌሾህም አጠገቧ ታስሮ ተደርድሯል። ለጎረቤት አልተነፈስኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ላንተ አቆይቼው ነው።

አንለይ፦ ጌሾውን ለገበያ ልጭንባት ነበር። የመጀመሪያ ምጥ ነው፣ እስክመለስ ትቆያለች አልኩ። ደርቃ ነበር፣ እንኳዬ። ዋሸሁሽ።

እንኳዬ፦ ውሸትህ ማንን ገደለ?

አንለይ፦ ያቺን ልጅ።

እንኳዬ፦ ስም የላትም?

አንለይ፦ ስሟ ከዚያ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ድንጋይ ተሸክሜ እግርሽ ላይ ልውደቅ። ብቻ መቅዘፊያውን ስጪኝ፤ ብትረጥብም እሄድባታለሁ።

እንኳዬ፦ መቅዘፊያው የለም።

አንለይ፦ የት ሄደ?

እንኳዬ፦ ከትልቁ ድንጋይ ማዶ ጥቁር ነጥብ አይታይህም? ትርፌ ናት። አንተ ከእኔ ደጅ ስትሸሽ፣ ምራትህን ከቤትህ ወስዳ፣ ከመንደሩ አዋላጅ ጋር በእኔ ታንኳ ጭና ወጣች። ከዚያ ድንጋይ እንዳታልፍ ስከለክላት ኖሬ፣ ዛሬ በገዛ እጄ ገፋሁላት። ነፋስ እንዳይነሣ ሐይቁን የምጠብቀው ለማን መሰለህ?

አንለይ፦ ሄደች? ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አንጀቴን ቆረጥሽው?

እንኳዬ፦ እኔ ያኔ በርህ ላይ የቆምኩትን ያህል እንኳ አልቆምክም።

አንለይ፦ እግዜር ይስጥሽ። የፈለግሽውን እዘዢኝ።

እንኳዬ፦ ስም ማውጣቱን ሰጥተኸኛል፣ ይበቃኛል። ወንድ ከሆነ አትርሳው ይባላል።

አንለይ፦ ይሁን፣ ይገባኛል። ሴት ከሆነችስ?

እንኳዬ፦ የልጄን ስም ነዋ። ጠዋት ማታ ከደጅህ ትጠራታለህ፣ እኔም እዚህ ሆኜ እሰማለሁ። በል ካሁኑ ተለማመድ፤ ጮክ ብለህ ጥራት።

አንለይ፦ እንኳዬ...

እንኳዬ፦ እሱ የእኔ ስም ነው። የእሷን ጥራ፤ ድምፄ ረጥቧል እንዳትለኝ ደግሞ።