የአባቴ ሞተር መጋዝ ዝም ሲል

አባቴ «የማታውቀውን ብሎን ከመፍታትህ በፊት አማትብ» ይለኝ ነበር። እሱ ሲያርፍ የዛፍ መቁረጫ ሞተር መጋዙ ለእኔ ቀረ፤ እናቴንም በእሱ ላኖራት አሰብኩ። ለሥራው ገና ጀማሪ ነኝ። ጉልበት እንዲጨምር ብዬ፣ እዚሁ ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ፣ አማትቤ የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን፣ ቀዳዳ አሰፋሁና አስነሳሁት። ሰፈሩ ተናወጠ! ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብሎ «ወንድሜ፣ አውሮፕላን ገዛህ እንዴ?» አለኝ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብዬ የካርቡሬተሩን ብሎን ዞር ባደርጋት፣ ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ።

የማስነሻ ገመዱን ብስበው ብስበው ምንም የለም። በቃ፣ የአባቴን እንጀራ በእጄ ቆረጥኩት ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው በሩ በኃይል ተንኳኳ። ለስድብ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ከፈትኩ። ነጠላ ያጣፉ፣ ከእንጦጦ ማርያም ሲወርዱ የነበሩ የሚመስሉ፣ አይቻቸው የማላውቅ እናት እያለከለኩ ቆመዋል።

«ይቅርታ እማማ፣ በጩኸት ረበሽኩዎት» አልኳቸው።

«ሲጮህስ አማርሬህ ነበር ልጄ፤ ድንገት ዝም ሲል ግን ፈራሁልህ። እስቲ ጣቶችህን አሳየኝ።»