ማይኩ ከተዘጋ በኋላም የዘፈኑት ቴነር፣ አቶ ዓብዩ ለገሰ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኟቸው የመጣችሁ ሁሉ፤ አሁን የሚነበብላችሁ የአቶ ዓብዩ ለገሰ ዜና ሕይወት፣ ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት በአልጋቸው አጠገብ ተነብቦላቸው፣ እርሳቸውም እርሳስ አስመጥተው በገዛ እጃቸው ያረሙት ነው። «ከሕመማቸው ጋር ሲታገሉ ቆይተው» የሚለውን ሰርዘው «ታመው» ብለው ጽፈውበታል፤ «በትርፍ ጊዜያቸው ይዘፍኑ ነበር» የሚለውን ደግሞ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰርዘውታል።

አቶ ዓብዩ ከአባታቸው ከአቶ ለገሰ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስሂን አበጋዝ በግንቦት ወር 1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ጉለሌ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የአውቶቡስ መካኒክ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። በዚያው በሰፈራቸው አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ በላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ከሠለጠኑ በኋላ በሙያው ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። በልጅነታቸው ድምፀ መልካም ነበሩ ብሎ የሚመሰክር ሰው ቤተሰቡ ፈልጎ አላገኘም፤ ሁሉም የሚያስታውሷቸው ዝምተኛ ልጅ መሆናቸውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ አሜሪካ መጥተው አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና በማቆም ሥራ ተቀጠሩ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለባለቤቱ ሊያስረክቡት ያስነሱት መኪና ውስጥ ሲዲ ተከፍቶ አንድ ጣሊያናዊ ቴነር፣ ማለትም ከፍተኛ የወንድ ድምፅ ያለው የኦፔራ ዘፋኝ፣ ሲዘፍን ሰሙ። ቃሉ አልገባቸውም፤ ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል ከዚያ በፊት አያውቁም ነበርና፣ እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ። ባለ መኪናው ሃያ ደቂቃ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ የት እንደነበሩ ሲጠይቋቸው «ዘፈኑ አላለቀም ነበር» ብለው እውነቱን በመናገራቸው በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበቱ። በዚህ ነገር ተጸጽተው አያውቁም።

ከዚያም ሮክቪል በሚገኝ ኮሌጅ የድምፅ ትምህርት የሚሰጡ ሚስስ ዊትኮም የተባሉ አዛውንት መምህርት ዘንድ ሄደው ተማሪ እንዲያደርጓቸው ጠየቁ። መምህርቷም ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ጉሮሮ ለኦፔራ የዘገየ መሆኑን በግልጽ ነገሯቸው። አቶ ዓብዩ «አዎ፣ ዘግይቻለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ እንጀምር» አሉ። ሚስስ ዊትኮም ስድስት ዓመት ሙሉ ቤል ካንቶ የሚባለውን፣ ድምፅ ሳይጮኽና ሳይታነቅ ረጅም ዜማ እያፈሰሰ የሚሄድበትን የጣሊያኖች የአዘፋፈን ስልት አስተማሯቸው። ላንግሊ ፓርክ በነበረው አፓርታማቸው ጎረቤት ስለሚቆጣ፣ በየቀኑ ልምምዳቸውን የሚያደርጉት ፓርኪንግ ውስጥ፣ የመኪናቸውን መስኮት ዘግተው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 ከወይዘሮ ዘነበወርቅ ዓምደሚካኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጃቸውን ቤዛዊትን አፍርተዋል። በዚያው ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ቴክኒሽያን ሆነው ተቀጥረው፣ እስከ ታመሙበት ጊዜ ድረስ ቤታቸውን ያስተዳደሩት በዚህ ሥራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ የኦፔራ ቡድን ፊት ለፈተና ቀርበው ዘፈኑ። ፈታኞቹ ድምፃቸውን ካመሰገኑ በኋላ፣ ተመልካቹ እርሳቸውን አፍቃሪ መስፍን አድርጎ ለመቀበል እንደሚቸገር፣ ትሪ ይዞ የሚገባውን አገልጋይ ቢጫወቱ ግን ደስ እንደሚላቸው ነገሯቸው። አቶ ዓብዩም «አገልጋዩ የሚዘፍነው አራት መስመር ነው፤ እኔ ያጠናሁት የመስፍኑን ነው» ብለው ኮታቸውን ይዘው ወጡ። በቀጣዩ ዓመት አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚሠራ አነስተኛ ቡድን የመስፍኑን ሚና ሰጣቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥም ሰባት ዋና ዋና የቴነር ሚናዎችን፣ ሁሉንም በጣሊያንኛ፣ በቃላቸው ተጫውተዋል።

ከወገናቸው ያገኙት አቀባበል ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት ብዙዎች ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፎልስ ቸርች በአንድ ዘመድ ሠርግ ላይ እንዲዘፍኑ ተጋብዘው ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሲጀምሩ፣ ከሙሽራዋ አጎቶች አንዱ «ይሄ ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» ብለው ተናገሩ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ዲጄውም ማይኩን ዘጋባቸው። አቶ ዓብዩ የተዘጋውን ማይክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረቡና በባዶ ድምፃቸው እስከ መጨረሻው ዘፈኑት። አራት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ድምፃቸው በር ላይ ለቆሙት ሁሉ ተሰማ። ሲጨርሱ ያጨበጨቡት ሙሽራዋና ወይዘሮ ዘነበወርቅ ብቻ ነበሩ። አቶ ዓብዩ እጅ ነሥተው ተቀመጡ፤ ክትፎአቸውንም በሉ።

ዘፋኝ ናቸው ብለው ሰላምታ የነፈጓቸውም ነበሩ። እርሳቸው ግን እሑድ እሑድ በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ በግራ በኩል ሦስተኛው ምሰሶ አጠገብ መቆማቸውን አንድ ሳምንት እንኳ አላቋረጡም።

እ.ኤ.አ. በ2014 መጋቢት ላይ አንገታቸው ውስጥ የካንሰር ዕጢ መኖሩ ታወቀ። ሐኪማቸው ዕጢው ድምፅን ከሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ጋር መጣበቁን፣ ኦፕራሲዮኑ ነርቩን እንደሚነካና ከዚያ በኋላ መዝፈን እንደማይቻል ነገሯቸው። በዚያ ሰሞን አቶ ዓብዩ መዝፈን ከተማሩ ጀምሮ የተመኙትን፣ ከሁሉ የሚከብደውን ሚና አጥንተው ጨርሰው፣ ስድስት ትርዒት ይጠብቃቸው ነበር። ኦፕራሲዮኑን በሰባት ሳምንት እንዲያዘገዩላቸው ጠየቁ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ «ቤዚ የሚያስፈልጋት አባት ነው፣ ዘፋኝ አይደለም» ሲሏቸው፣ «ቤዚ የምታውቀው አባቷ እኮ ዘፋኙ ነው» ብለው መለሱ። ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው የተኳረፉት ያኔ ብቻ ነው።

አቶ ዓብዩ ስድስቱንም ዘፈኑ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ አምስቱን ሳይሄዱ ቀርተው፣ በመጨረሻው ቀን ቤዛዊትን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። አቶ ዓብዩ ከሁሉ የላይኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው የእናቷን እጅ አጥብቃ እንደያዘችና አባቷ ድምፁን እስኪያወርዱት ድረስ እንዳለቀቀች ይናገራሉ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዘነበወርቅ መኪናውን ራሳቸው ነድተው ባለቤታቸውን ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የአቶ ዓብዩ ድምፅ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ፤ በዚያው ሹክሹክታ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው አራት ተማሪዎችን ቤል ካንቶ አስተምረዋል።

በኋላ ካንሰሩ ወደ ሳንባቸው መዛመቱ ሲሰማ «ዘፈን ገደላቸው» ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ሐኪማቸው ለባለቤታቸው የሰጡት መልስ «ያኔውኑ ቢወጣ ይድኑ ነበር ልል አልችልም፤ አይድኑም ነበርም ልል አልችልም» የሚል ነው። ወይዘሮ ዘነበወርቅም በዚህ ወረቀት ላይ እንዲገባ ያዘዙት ቃል አለ፤ እንዲህ ይላል፦ «ልክ ነበር አልልም። ውሳኔው ግን የሱ ነበር፤ በሱ ላይ ማንም እንዲፈርድበት አልፈቅድም።» ቤተሰቡ በሙሉ በዚህ ቃል ቆሟል፤ በኀዘኑ ቤትም ከዚህ ሌላ ወሬ እንዲነሣ አይፈልግም።

አቶ ዓብዩ ለገሰ ታመው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2017 በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘነበወርቅን፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን ቤዛዊትን፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ እናታቸውን ወይዘሮ ስሂንን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ጸዳለን፣ እንዲሁም ተማሪዎቻቸውን ማቲያስን፣ ዕድላዊትን፣ ኤሊንና ኦላናን ትተዋል።

ያን ድምፅ የሰጣቸው አምላክ፣ ሳይሸሽጉ እስከ መጨረሻው ሠርተውበት መልሰውለታልና፣ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበልልን፤ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ጽናቱን ይስጥልን።