ኮሪደር ላይ የቆመች ፒያኖ

«ውይ፣ ጫማሽ እንዴት ደስ ይላል! ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ቀላል ጫማ ነው የሚሻለው። ነርስ ነሽ አይደል? እጅሽን ስጨብጥ ነው ያወቅሁት፤ ሲታጠብ የሚውል እጅ ነው። ደረጃው አላደከመሽም? በኔ ጊዜ አንደኛ ፎቅ አንደኛ ፎቅ ነበር፤ አሁን ሦስተኛ ሆኖብኛል…»

ይህን የምትለው የማሙሽ አክስት ናት። ማሙሽ አርባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በመድን ድርጅት ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ቤተሰቡ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው የሚለው። አክስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን ፒያኖ ስታስተምርና የሰው ፒያኖ ስትቃኝ የኖረች ሴት ናት። ትናንት ደውሎ፣ እማማ ፒያኖዋን ሽጥልኝ ብላኛለች፣ ገዢዋ ባለሙያ ካላየላት አትገዛም፣ መጥተሽ እይልኝ አላት። ዘመዳሞች መሆናችንን ግን አታንሺ፣ ገዢዋ ሌላ ነገር ይመስላታል ብሎ አስጠነቀቃት። እሺ ብላ መጣች።

እናቱ ሽጥልኝ አላለችም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ባለችው፣ ድሮ ልብስ ይተኮስባት በነበረችው ክፍል ውስጥ መድኃኒቷን ውጣ ተኝታለች። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ስለሚጥላት ነው ሰዓቱን የመረጠው። ስትነቃ ፒያኖዋ ለጥገና ሄዳለች ሊላት ነበር ያሰበው።

ነርሷ ፒያኖዋን የፈለገቻት ለዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇ ነው። በስልክ የማን እንደነበረች ስትጠይቀው፣ የእናቴ ነበረች፣ እናቴ አሁን የለችም ብሏታል። ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም በቅጡ አላሰበበትም። እሷ ግን ማንም ሰው እንደሚረዳው ነው የተረዳችው። ስለዚህ ገና ፒያኖዋን ሳትነካ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ነፍስ ይማር አለችው።

ማሙሽ አክስቱን አየ፤ የተዘጋውን በር አየ። ከዚያ «አሜን» አለ።

አክስቱ ከቦርሳዋ ባትሪ እያወጣች ነበር። እጇ እዚያው ቆመ። ከበሩ ፊት ጎን ለጎን የተቀመጠውን የእህቷን ነጠላ ጫማ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ማሙሽ ያንን ፈገግታ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሳያጠና መጥቶ አጥንቻለሁ ለሚል ተማሪ የምትፈግገው ነው።

«እሱን ያጽናው! አየሽ ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ማየት ደስ ይላል። ሐዘን ላይ ሆኖ እንኳ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ… ስንቱ ነው እናቱ ስትሞት ራሱን የሚጥል? እሱ ግን እዪው፤ ምንም ያልሆነ ነው የሚመስለው። በል እንግዲህ፣ ወደ ሥራችን።

«ፒያኖ ስታዪ መጀመሪያ ድምፅዋን አትስሚ። የቆመችበትን እዪ። ይቺ የት ነው ያለችው? ኮሪደር ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ። ምን ክፋት አለው? ሳሎኑን ሳልፍ አየሁት፤ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ገብቷል። ሁለቱ አንድ ላይ ሊሆኑ ነው? አንዷ መልቀቅ ነበረባት፣ ለቀቀች። ሜዳ ላይ አልጣላትም እኮ! ጣራ ሰጥቷታል። ውሃ ሲወርድ ትሰማለች፣ ሰው ሲያልፍ ታያለች… ብቸኝነት እንዳይሰማት ብሎ ነው እንጂ ለሌላ ነው? ለአሮጊት ነገር የሚያስብ ሰው መቼም ያስታውቃል።»

ማሙሽ ተረከዙን አነሣ፣ መለሰ። ነርሷ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች፤ ገና አልገባትም።

አክስቱ ክዳኗን በጣቷ ዳበሰች። «ይሄን ክብ ክብ ምልክት ታዪዋለሽ? የብርጭቆ ነው። ስልክም ሲቀመጥባት ኖሯል፣ ጃንጥላም። ያረጀ ዕቃ ሥራ ፈትቶ እንዳይከፋው ብሎ የሚያሠራው ሲያገኝ… አይ፣ ዕድለኛ ናት። ፊቷ ደግሞ እንዴት ያበራል! ዛሬ ጠዋት ነው የተወለወለችው፣ ቅባቱ ገና ይሸታል። እንግዳ ሲመጣ ፊት መወልወል ደግ ነው። ውስጡንማ ማን ያያል?»

እሷ አየችው። የላይኛውን ክዳን ከፍታ ባትሪውን አበራች፤ ነርሷንም ጎንበስ በይ አለቻት።

«ሽቦዎቹ ጫፍ ጫፋቸው ዝጓል። እርጥበት ነው። እርጥበት የማንም ጥፋት አይደለም፤ ጥፋተኛው መታጠቢያ ቤቱ ነው። እነዚህ ሽቦውን የሚመቱት መዶሻዎች ናቸው፤ ሱፋቸውን ብል ጀምሮታል። ብል የሚገባው እጅ የማይነካው ቦታ ነው። ያልተነካችው ስንት ዓመቷ ይሆን? አይ እኔ፣ ምን አስጠየቀኝ! ሰውየው ሥራ አለው። ቢሮ አለው፣ ስብሰባ አለው፣ ሁለት ልጆች አሉት። አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ እንዴት ዋልሽ ሊላት… ማለቴ አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ሊጫወትባት ጊዜ ከየት ያምጣ?»

ቀጥላ ከግድግዳው ትራቅልን አለች። ማሙሽ ጎንበስ ብሎ እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ እያደረገ ሳባት። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«እንዴት ጠንቃቃ ነው! አየሽ፣ ድምፅ እንኳ አላሰማም። የተኛ ሰው ያለ ይመስል! ለጎረቤት ተጨንቆ ይሆናል፤ ከቤት ሰውማ ማን ቀረ?… እስቲ ከኋላ። ጣውላዋ ደህና ነው፣ አንድም ስንጥቅ የለውም። ይቺ የዋዛ አይደለችም፤ ስንቱን ችላ! ቆይ፣ እዚህ ጎኗ ላይ የምን መስመር ነው?»

ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ በኖረው ጎኗ ላይ በእርሳስ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ነበር፤ በየአጠገባቸው ቀን ተጽፏል። ማሙሽ ረስቷቸው ነበር። አሁን ሲያያቸው የእናቱ እጅ አናቱ ላይ ሲያርፍ፣ እርሳሱም ጆሮውን ሲነካው ተሰማው።

«የልጅ ቁመት ነው! ይቺ የታችኛዋ የሦስት ዓመት ልጅ ትሆናለች። እንዴት ያለች እናት ናት እባክሽ፣ በየልደቱ እያቆመች ስትለካ የኖረች! እዪው፣ እያደገ፣ እያደገ፣ እያደገ… እዚህ ላይ ቆመ። ከዚህ በኋላ የለም። እንግዲህ ከዚህ በላይ አላደገም ማለት ነው? ያሳዝናል። ስንት ነገር ተስፋ ተደርጎበት ይሆናል።»

ነርሷ መስመሮቹን አየች፤ ከዚያ ማሙሽን አየችው። እሱ ጫማውን ያያል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ራሷን መነቅነቅ ተወች።

አክስቱ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ከግራ ጥግ ተነሥታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነቻቸው፤ ወፍራሞቹ አጉረመረሙ፣ ቀጫጭኖቹ ተንጫረሩ፣ አንዳንዶቹ ከቅኝት ወጥተዋል። መሐል አካባቢ ያለች አንዲት ነጭ ቁልፍ ግን ብትጫናትም ብትጫናት ድምፅ የላትም።

«ይቺ ናት የታመመችው። ሌሎቹ ቢያንስ ያጉረመርማሉ፤ ይቺ ግን ሲጫኗት ዝም ናት። እንዲህ ያሉ አሉ እኮ… አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተሽ በሩን ብትዘጊባቸው፣ ደክሟት ነው ብለው ለአንቺው የሚያዝኑልሽ። አትፍሪ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። እስቲ አንድ ዜማ ልሞክርባት። የአሮጊት የሙዚቃ አስተማሪ ጠባይ ታውቂዋለሽ፣ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ዝም አይሆንላትም።»

ማሙሽ እናቱን ልታነቃ እንደሆነ ገባው። እጁን አነሣ፤ ግን ምን ብሎ ያስቁማት? አክስቱ ጀማሪ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚማራትን አጭር መዝሙር ያዘች፤ ታላቅ እህቷ፣ የማሙሽ እናት፣ በልጅነት ለሷ፣ በኋላም ለሱ ያስተማረቻት ናት። ዜማው ደረጃ እንደሚወጣ ሕፃን ከፍ ከፍ አለ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ያቺ ቁልፍ ዋጠችውና ክፍተት ሆነ።

ክፍተቱን ከተዘጋው በር ኋላ የመጣ ድምፅ ሞላው። ቀጭን፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ግን ከቅኝት ያልወጣ የአሮጊት ድምፅ።

አክስቱ ሳትዞር ቀጠለች። ዜማው ተመልሶ እዚያው ቦታ ሲደርስ ድምፁም እንደገና በሰዓቱ ገባ።

የነርሷ ፊት ተለወጠ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አትደንግጪ። የጸሎትሽ ኃይል ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ነፍስ ይማር አልሽ፣ ይኸው ነፍስ ዘራች! እሱም የልቡ ደረሰለት። አየሽው፣ ደስታውን እኮ መናገር አቃተው… እናቱ የተነሣችለት ሰው እንዴት ይሆናል? እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ፊቱ አመድ ይመስላል።»

ነርሷ መልስ አልጠበቀችም። በዚያ ኮሽ በማይል ጫማዋ ኮሪደሩን ተሻግራ በሩን አንኳኳችና ገባች። ማሙሽ ከቆመበት ሆኖ እናቱን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አያት። ነርሷ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችላት፣ ክንዷን ያዘቻት፣ ቀስ ብላ ይዛት ወጣች።

እናቱ ከግድግዳው የተነጠለችውን ፒያኖ አየች፤ የተከፈተውን ክዳን፣ የእህቷን ባትሪ አየች። ሁሉም ነገር እንደገባት ዓይኗ ላይ ይታይ ነበር። ማሙሽ እንድትጮህበት ፈለገ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ቁጣ ተመኝቶ አያውቅም። እሷ ግን ቀና ብላ ምሳ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው።

ነርሷ ከቦርሳዋ ግማሹን አውጥታው የነበረውን የገንዘብ ፖስታ መልሳ ከተተች።

በዚህ መሐል ከታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ ፒያኖዋን የሚወስደው መኪና ከነተሸካሚዎቹ ደርሷል። አክስቱ በመስኮት አጮልቃ ተመለሰች።

«መኪናም አዘጋጅቷል! ተሸካሚም! እንዲህ ያለ ሰው እኮ ነው ለቤተሰብ የሚያስፈልገው፣ ሁሉን ነገር አስቀድሞ የሚያስብ። እንግዲህ ልጄ፣ ባለሙያ ነሽ ተብዬ የተጠራሁ ነኝና ልንገርሽ። ፒያኖዋ ጤነኛ ናት። ዝገቱ ይጠረጋል፣ ሱፉ ይቀየራል፣ ድምፅ ያጣችውም ድምፅዋን ታገኛለች። የታመመው ቦታዋ ነው። ስለዚህ መኪናው ባዶውን ከሚመለስ እኔ ቤት ያድርሳት። የኔ ሳሎን ጠባብ ነው፤ ለአንዲት ፒያኖና ለአንዲት ሴትዮ ግን አይጠብም። አንቺም ልጅሽን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘሽልን ነይ፤ ሁለት አሮጊት አስተማሪ ለአንድ ልጅ መቼም ያንሳታል አይባልም።

«አንድ ነገር ደግሞ ደብቄሽ ነበር። ዝምድና እንዳላነሣ ተነግሮኝ ነው። የፒያኖዋ ባለቤት ታላቅ እህቴ ናት። ሌላው ዝምድና… ይቅር። እውነትም እሱ ባይነሣ ይሻላል።»

ተሸካሚዎቹ ወጡ። እናቱ ከነርሷና ከእህቷ መሐል ቆማ ፒያኖዋን ሲያነሷት አየች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ መነጽሯንና መድኃኒቷን በእጇ ይዛ መጣች። ሌላ ምንም አላነሣችም። ማሙሽ ቦርሳ ላምጣልሽ ሊል አፉን ከፈተ። በአጠገቡ ስታልፍ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ በነርሷ ክንድ ተደግፋ አንድ ደረጃ፣ አንድ ደረጃ እያለች ወረደች። ኮሪደሩ ላይ ፒያኖዋ የቆመችበት አራት ማዕዘን ከሌላው ወለል ነጥቶ ቀረ።

አክስቱ መጨረሻ ላይ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ሻርፏን አጣጠፈች፤ ማሙሽን አላየችውም፤ አንገቷን ወደ ደረጃው ዘንበል አድርጋ ታች ለቆመችው ነርስ ነው የተናገረችው።

«መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ! ሰው ቤት ገብቶ ሳይመርቁ መውጣት ደግ አይደለም ብዬ እኮ ነው የቆየሁት። ለዚህ ቤት አባወራ እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ረጅም ዕድሜ፣ ፀጉሩ እስኪነጣ፣ ጉልበቱ እስኪዝል፣ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ያኑረው። ሁለቱ ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ ትልቅ ቤት ይሥሩለት። አባታቸውን ይምሰሉ፤ ምንም ሳያጎድሉ፣ ልክ እሱ እናቱን እንደያዘ አድርገው ይያዙት።»