ቶሎሳ ከተማውን ያዞረኝ ቀን

በእኛ ጊዜ፣ ሐዊ ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር፤ ሰው ነው የሚላከው። ሰውም ዝም ብሎ አይላክም፣ ሦስት አራት ሆኖ፣ ማለዳ፣ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚያረዳው። አንቺ እንግዲህ ስለ አባትሽ ስለ ቶሎሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ ዩክሬን ትምህርቱ ጠየቅሽኝ፤ እኔ ደግሞ ስለዚያ አገር ሲነሳ የምትመጣብኝ አንዲት ቀን ናት።

ያኔ በደርግ ጊዜ ሁለታችንም ለትምህርት ሄደናል፣ እኔ ኪየቭ፣ አባትሽ ኡማን፣ ትንሽ ከተማ ናት፣ ከዛሬዋ አዳማ ስንት እጅ ታንሳለች። ታዲያ ከአገር ቤት፣ ከዓለም ጤና፣ የአጎትሽ ደብዳቤ ደረሰኝ። «እናታችን ካረፈች ወር ሆናት፣ ቶሎሳ ለብቻው እንዳይሰማ፣ አደራህን፣ እንደ ወጉ አርዱት» ይላል። አደራ ከተባልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሁለት ያገር ልጆች ለመንኩ፤ እነሱ ፈተና ነበረባቸውና በማግስቱ ማለዳ ሊደርሱ፣ እኔ ግን ቀድሜ ሄጄ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ ልጠብቀው ተስማማን።

እና ጠዋት በአውቶቡስ ደረስኩ፣ በሩን አንኳኳሁ፣ ከፈተ፣ ተቃቀፍን። «አካም ጅርታ» ተባባልን። «ወንድሞችህ እንዴት ናቸው? ትምህርትስ? ከብቶቹስ ደህና ናቸው ይሉሃል?» አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና «ደህና ናቸው» አለ፤ አለና ካፖርቱን ከመስቀያው መንጭቆ «ና፣ ከተማዬን ላሳይህ» አለኝ። «ኧረ ደክሞኛል፣ እዚሁ እንጫወት» ብለውም «ክፍል ውስጥ ልትቀመጥ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?» ብሎ ጎትቶ አወጣኝ።

ዞርን ነው የምልሽ። አደባባዩን ዞርን፣ ወንዙን ዞርን፣ በርሜል ጋሪ ላይ የሚሸጥ ክቫስ የሚሉት ጠላ መሳይ ነገር አለ፣ እሱን ጠጣን። እሱ ያወራል፣ ይስቃል፣ እኔ በዚያ ብርድ ላብ ያጠምቀኛል። እዚያ ከተማ ያሉት ሐበሾች ከአምስት አይበልጡም፣ ግን አንዱ ሰምቶ ቢሆንስ? እንዳልኩትም አልቀረ፣ አስቴር የምትባል የደብረ ዘይት ልጅ መንገድ ላይ አገኘችን። ፊቷ ልውጥ አለ። «ቶሎሳዬ...» ብላ ስትጀምር መሀል ገብቼ እጇን ጨብጬ እስኪያማት ጨመቅኋት፣ «አስቴርዬ፣ ፈተና አለብሽ አሉ፣ ሂጂ አጥኚ፣ ሂጂ።» አቀርቅራ ሄደች። ታዲያ ቶሎሳ «ምን ሆና ነው?» ማለት ነበረበት። አላለም። እኔም ተመስገን ብዬ አለፍኩት፣ ሞኙ።

ከዚያ ገበያ ገባን። ሻርፕ የምትሸጥ አሮጊት ዘንድ ቆመና አንዱን ያነሳል፣ ይጥላል፣ ሌላውን ያነሳል። «ለማን ነው ልጄ?» አለችው በራሽያኛ። «ለእናቴ ነው» አላት። «ተው እስቲ፣ ሌላ ቀን ትገዛለህ» አልኩት። እሱ ግን ከፍሎ፣ አሽጎ፣ በብብቱ ያዘና «ዛሬ ካልገዛሁላት ነገ መግዛት አልችልም» አለኝ።

ክንዱን ያዝኩት። «ምን ማለትህ ነው?» አልኩ።

«ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እናቴን ነው። ዛሬ ከብት ሳይቀር ጠየቅህ፣ እሷን ዘለልሃት።»

እውነቱን ነው። እንዴት ብዬ ልጠይቅ? መሞቷን እያወቅሁ ደህና ናት ወይ ልበል? አፌ እንቢ አለኝ፣ በቃ። አሁን ልናገር ስል መዳፉን ደረቴ ላይ አድርጎ «አትበለው። እንደ አገራችን ወግ ጠዋት ንገሩኝ። ዛሬን ግን ተውልኝ» አለ።

እና ተውኩለት። መናፈሻው ውስጥ ኩሬ ዳር አስቀምጦኝ ከሰዓቱን ሙሉ ስለሷ አወራ፣ ያለች አድርጎ። ደላላ ሽንኩርቷን በርካሽ ሊወስድ ሲመጣ ጆንያው ላይ ተቀምጣ «ዋጋውን ካልጨመርክ እኔንም ጭነህ ሂድ» ትለዋለች ብሎ በሷ ድምፅ ሲያወራ ሳቅሁ። ስስቅ ደግሞ አፈርኩ። እሱ አየኝና «ሳቅ እንጂ» አለኝ።

ማለዳ ሁለቱ ደረሱ። ቶሎሳ ለባብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ትልቁ «ቶሎሳ፣ ወንድ ልጅ ነህ፣ በርታ...» ብሎ እንደ ወጉ ጀመረ፣ አባትሽ አንዴ ሳያቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ጮኸ። እኔ አውቋል፣ ልቡን አዘጋጅቷል ብዬ ነበር። የት ተዘጋጅቶ። ሦስት ሆነን መያዝ አቃተን። ለነዚያ ሁለቱ ማወቁን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ አደራ በላሁ ወይስ ጠበቅሁ፣ እሱን አሁንም አላውቅም። አንቺ ምን ትያለሽ?

«ጋሼ፣ አባቴ የአያቴን ሙት ዓመት የሚያወጣው ለካ እርስዎ ኡማን በደረሱ ማግስት በዋለው ቀን ነበር። አጎቴ በየዓመቱ ‹ቀኑ ይኼ አይደለም፣ ወር አልፎታል› እያለ ይጨቃጨቀው ነበር። አባቴም ‹እኔ ዘንድ እስከዚያ ቀን ነበረች› ይለው ነበር።»