ሱሪውንም ሰምቷል

ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ፣ በሐይቁ ዳር ባለው የዕፅዋት መናፈሻ፤ ከዲላ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት ወይዘሮ ትርንጎና ካምፓላ በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው ናርዶስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚያስጎበኛቸው ሰው ለስላሳ ሊገዛ ሄዷል።

ናርዶስ፦ እማዬ፣ በማርያም፣ ሲመለስ ስለ ጆሮው አታንሺ።

ትርንጎ፦ ስለ ማን ጆሮ?

ናርዶስ፦ ስለ አስጎብኚው ነዋ። ከበሩ ጀምሮ ስለ እሱ ብቻ ነው የምታወሪው።

ትርንጎ፦ ምን ክፉ ነገር ወጣኝ? ጆሮው ከሩቅ ይታያል አልኩ። ይታያል እኮ። ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ሁለቱም ይበራሉ።

ናርዶስ፦ ይኸው፣ እንደገና።

ትርንጎ፦ በአማርኛ ነው ያልኩት። እሱ ዛፉን እያሳየ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል፣ እኔ በቋንቋዬ የልቤን እናገራለሁ። ማን ተጎዳ? እንዲያውም እንደ ዛሬ አፌ ተፍታቶ አያውቅም።

ናርዶስ፦ መፍታታቱንስ ተፍታቷል። «ቀጭን ነው፣ እናቱ ቁርስ አታበላውም እንዴ» አልሽ።

ትርንጎ፦ አዝኜለት ነው።

ናርዶስ፦ «ሱሪውን የሰፋለት ሰው የለካው ተቀምጦ ሳለ ነው» አልሽ።

ትርንጎ፦ እሷንስ ጥሩ አድርጌ ነው ያልኳት። አንቺም ስቀሻል። እሱ ራሱ ስቋል።

ናርዶስ፦ እሱ ለምን የሳቀ ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ እኛ ስንስቅ አይቶ ነዋ። ደግ ሰው ነው። ያቺ ጦጣ ነጠላዬን ነጥቃ ስትሮጥ፣ አንቺ የገዛ ልጄ ቆመሽ ትንከተከቻለሽ፣ እሱ በዚያ ሱሪ ዛፍ ላይ ወጣ።

ናርዶስ፦ መውጣቱንስ ወጣ። መውረዱ ነው የቸገረው።

ትርንጎ፦ ተንጠልጥሎ ሲቀር ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ያ ከግንዱ ላይ እንደ ሙክት የሚንጠለጠለው ፍሬ ማን ነበር ስሙ?

ናርዶስ፦ ጃክፍሩት።

ትርንጎ፦ እሱን መስሎ ቀረ። ግን ሲወርድ ነጠላዬን አራግፎ፣ አጥፎ፣ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። በሁለት እጅ መስጠትን እዚህም ያስተምራሉ?

ናርዶስ፦ ያስተምራሉ። አንዳንዱን ነገር ግን ሌላ ሰው ነው ያስተማረው።

ትርንጎ፦ ማን?

ናርዶስ፦ እማዬ፣ እግርሽ ላይ ጉንዳን አለ።

ትርንጎ፦ የታለ? ምንም የለም። ወሬ ልታስቀይሪኝ ነው። ቆይ እስቲ። እንሰቱ ጋ ስንደርስ፣ ያ ለጌጥ ብለው አበባ መሃል የተከሉት ጋ፣ እኔ «የሰው ምሳ እዚህ ለፎቶ ቆሟል» ስል፣ ማን ነው «ቆጮ» ያለው?

ናርዶስ፦ እኔ።

ትርንጎ፦ አንቺ አፍሽ ብርቱካን ሞልቶት ነበር።

ናርዶስ፦ ውጬው ነበር።

ትርንጎ፦ ናርዶስ።

ናርዶስ፦ እሱ ነው ያለው።

ትርንጎ፦ ቆጮን ከየት ያውቀዋል?

ናርዶስ፦ በልቶት። እኔ ቤት። ለፋሲካ የላክሽልኝን።

ትርንጎ፦ አስጎብኚ አንቺ ቤት ምን ይሠራል?

ናርዶስ፦ አስጎብኚ አይደለም፤ የባዮሎጂ መምህር ነው። ሙጌርዋ ይባላል። አማርኛ ሳስተምረው ሁለት ዓመት ሆነኝ። መናገር ያፍራል እንጂ ሁሉንም ይሰማል።

ትርንጎ፦ ሁሉንም?

ናርዶስ፦ ሱሪውንም።

ትርንጎ፦ ወይ ጉዴ። «ይህን ቁመት ይዞ ታጥፎ ነው የሚተኛው ወይስ እግሩን ኮሪደር ያሳድራል» ብያለሁ እኮ።

ናርዶስ፦ ያኔ ነው «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ከዘንባባው ጀርባ የሄደው። ስልኩ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው።

ትርንጎ፦ አትሳቂ። አንቺ ከሳቅሽ እኔም ልስቅ ነው፣ እኔ ደግሞ መቆጣት አለብኝ። ለምን መጀመሪያውኑ አልነገርሽኝም?

ናርዶስ፦ ዓምና ነግሬያችሁ አልነበር? «አንድ ሰው አለ፣ የዚህ አገር ሰው ነው» ስል አባዬ ጆሮዬ ላይ ስልኩን ዘጋ። አንቺም መልሰሽ አልደወልሽም። ሦስት ሳምንት።

ትርንጎ፦ ሦስት ሳምንት አልሞላም።

ናርዶስ፦ ሃያ ቀን ነው። ቆጥሬዋለሁ።

ትርንጎ፦ አባትሽ ከጦሩ ጡረታ ወጣ እንጂ ቤቱ ገና ጡረታ አልወጣም። እንዳልደውል ከአጠገቤ አይጠፋም። አንድ ቀን ጓሮ ጎመን መሃል ተደብቄ ስሞክር «ትርንጎ፣ ከማን ጋር ነው» አለኝ። ከጎመኑ ጋር አልኩት።

ናርዶስ፦ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ትታኛለች ብዬ ነበር።

ትርንጎ፦ ልጅ ይተዋል እንዴ?

ናርዶስ፦ እና ፈራሁ። ማንነቱን ሳታውቂ፣ እንዲሁ እንደ ሰው እንድታዪው ፈለግኩ። ስታውቂ ልብስሽን አስተካክለሽ፣ አንገትሽን ቀጥ አድርገሽ ነው የምታዪው። እሱም ላብ በላብ ይሆናል።

ትርንጎ፦ አይቼዋለሁ። እስከ ካልሲው አይቼዋለሁ።

ናርዶስ፦ እና?

ትርንጎ፦ አታጣድፊኝ። ይህ ልጅ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲታማ ዋለ፣ አንዴ እንኳ አልተኮሳተረም። በአባትሽ ላይ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት ቀን በቁምጣው ቀልጄበት፣ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ናርዶስ፦ ሙጌርዋ ደብተር አለው። የማያውቀውን ቃል ይጽፋል። ፍሬውን ስታዪ «ሙክት» ያልሻትን ጽፏታል።

ትርንጎ፦ አዋረድሽኝ። ከነገ ወዲያ ስመለስ ሻለቃው አባትሽ «ምን አይተሽ መጣሽ» ይለኛል።

ናርዶስ፦ ምን ትይዋለሽ?

ትርንጎ፦ ዛፍ።

ናርዶስ፦ እማዬ።

ትርንጎ፦ ረጅም ዛፍ፣ ቅጠሉ ሁለት ብቻ የሆነ። እሺ፣ እሺ፣ ተውኩት። ልጁ ራሱ ምን አስቧል?

ናርዶስ፦ በእኛ ወግ ሽማግሌ መላክ ነው የሚፈልገው። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሁለት አጎቶች አሉት፤ አንደኛው ፓስፖርት አውጥቷል፣ ሌላኛው ኮት አሰፍቷል። ሦስተኛ ግን አጣን። ሁለቱ እንግዳ ሰዎች ብቻቸውን ሄደው ምን ይላሉ? አባዬ ገና ሳይቀመጡ ከበር ይመልሳቸዋል።

ትርንጎ፦ ይመልሳቸዋል። እንኳን እነሱን፣ የሰፈሩን ቄስ መልሷል።

ናርዶስ፦ ለዚህ ነው እንግዲህ ተስፋ የቆረጥኩት። ያውና መጣ።

ትርንጎ፦ ሦስት ጠርሙስ በሁለት እጁ ይዞ በሣሩ ላይ እንዴት እንደሚራመድ እይው። ዓይንሽን ጥረጊ፣ እኔ ያስለቀስኩሽ እንዳይመስለው።

ናርዶስ፦ ምን ልበለው?

ትርንጎ፦ አንቺ ምንም አትበይ፤ ይሰማ የለ። ና ልጄ፣ መሃላችን ተቀመጥ። አጎቶችህን ለጥቅምት አዘጋጅና ዲላ ላካቸው፤ ሦስተኛ ሽማግሌ አትፈልግ፣ ከእነሱ ጋር ቆሜ የገዛ ቤቴን በር የማንኳኳው እኔ ነኝ።